የመጦሪያ ጥራት የሚለካው በአረጋዊው ነው

ስለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ስንሰማ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ስንት ሰው አነሣ? ስንት አልጋ አለው? ሕንጻው የት ደረሰ? በቀን ስንት ጊዜ ያበላል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ጣሪያና እንጀራ በሌለበት ስለ እንክብካቤ ጥራት ማውራት ከንቱ ነው። ይሁን እንጂ የሁሉንም መልስ ብናገኝ እንኳ፣ ባለፈው መስከረም በዚያ በር የገቡ አንዲት እናት ዛሬ ተሽሏቸው ወይም ብሶባቸው እንደሆነ አናውቅም። ክብደታቸው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ያኔ በምርኩዝ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዱ ነበር፤ አሁንስ? ጀርባቸው ቆስሏል? ሌሊት የሚያስቃትታቸውን ሕመም የጠየቃቸው ሰው አለ? የእኔ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ መጦሪያ ጥራት መለካት ያለበት በነዋሪው አካል፣ አእምሮና ቃል ላይ በሚታየው ለውጥ ነው። ያ ለውጥ በየጊዜው እየተመዘነ በመዝገብ መያዝ አለበት። መዝገቡም ከሪፖርትና ከቁጥጥር አስቀድሞ ማገልገል ያለበት ራሱን አረጋዊውን ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል፤ በዚህ መንገድ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጓዙ ሀገሮች የተደናቀፉት ቅደም ተከተሉን ሲያዛቡ ነው።

ነገሩ የትልልቅ ከተሞች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ደልጊን እንውሰድ። በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ይህች የጣቁሳ ወረዳ መቀመጫ፣ እንደ ሌሎቹ የሐይቁ ዳር ከተሞች ሁሉ፣ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦሩባት በቤት ውስጥ ነው፤ በልጅና በልጅ ልጅ፣ በጎረቤት፣ በዕድርና በሰንበቴ፣ ሁሉም ሲጠፋ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ይህ ሥርዓት ዛሬም የሀገራችን ትልቁ መጦሪያ ነው። ግን እየሳሳ ሄዷል። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መተማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ ሀገር ይሄዳል፤ ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በትኗል። ጧሪ ቀባሪ ያጡ አንድ አባት ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ሩቅ ከተማ ወዳለ መጦሪያ ቢወሰዱ፣ ከዚያ ቀን በኋላ መልካቸውን አይቶ «ከስተዋል» ወይም «ወዛቸው ተመልሷል» የሚል የቀድሞ ጎረቤት በአጠገባቸው አይኖርም። ጎረቤቱ በዓይኑ ይይዘው የነበረውን ምስክርነት ሊተካ የሚችለው ቀን ተጽፎበት፣ ስም ተፈርሞበት የሚቀመጥ መዝገብ ነው። ስለዚህ ምዘናው ከአረጋዊው ቀጥሎ የሚጠቅመው ከመጦሪያው ርቆ ያለውን ወገን ነው።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተካሄደበት በ1999 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በመቶኛ ሲጠሩት ያነሰ ይምሰል እንጂ በሰው ሲቆጠር ሚሊዮኖች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ተቋም የሚገቡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ እነሱንም የሚያነሡት በአብዛኛው በጎ አድራጊዎች ናቸው። በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃል ይዞ ጎዳና ላይ የወደቁትን በሺዎች ሲሰበስብ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንጻው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው ማሰባሰቢያ ከሀገር ውስጥም ከውጭም የጎረፈው ገንዘብ ሕዝቡ ለአረጋውያኑ ምን ያህል እንደሚራራ አሳይቷል። ሕጉም ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ደግሞ በተቋም የሚኖሩ አረጋውያን የሚያገኙት እንክብካቤ ብሔራዊ ዝቅተኛ ደረጃን የሚያሟላ እንዲሆን ይጠይቃል። ርኅራኄው አለ፤ ሕጉም አለ። ደረጃው መሟላቱ በምን ይታወቃል የሚለው ግን ገና መልስ ይፈልጋል።

ይህን ጥያቄ ቀድማ የገጠማት ሀገር አሜሪካ ናት። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ወደ አንድ መጦሪያ ሲሄድ በዋናነት የሚያጣራው ቤቱ እንክብካቤ ለመስጠት የሚያስችል ዝግጅት እንዳለው ነበር፦ መመሪያው ተጽፏል ወይ፣ የእሳት መከላከያው አለ ወይ፣ ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ። ነዋሪው እንክብካቤውን በትክክል ማግኘት አለማግኘቱን የሚያይ አልነበረም። በ1986 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት ይህን አሠራር ነቀፈ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1987፣ የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እያንዳንዱ ነዋሪ ሲገባ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ፣ ሁኔታው ጉልህ ለውጥ ሲያሳይም ወዲያው አንድ ወጥ በሆነ ቅጽ ይመዘናል። ቅጹ የተሠራው ለሪፖርት ታስቦ አልነበረም። የእያንዳንዱን ሰው የእንክብካቤ ዕቅድ ለማውጣት ነበር። እነዚህ ወይዘሮ ለመብላት የሰው እጅ ይፈልጋሉ? እኚህ አዛውንት የመውደቅ አደጋ አለባቸው? ብሎ ጠይቆ ለዚያ ሰው የሚሆነውን ለመወሰን። ከጊዜ በኋላ ግን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የነዋሪዎቹ ቅጽ በአንድነት ሲደመር ስለ ቤቱ ይናገራል። ቁስል የበዛበት ቤት፣ ሰው የሚከሳበት ቤት፣ ሰው የሚታሰርበት ቤት ከቅጹ ላይ ይነበባል። አሠራሩ ወደ ካናዳ፣ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ አይስላንድና ወደ ሌሎችም ሀገሮች ተስፋፍቷል።

ምዘናው በተግባር ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከአልጋ የማይነሡ አረጋዊን ያየ ሁሉ የአልጋ ቁስልን ያውቃል። ቁስሉ ከመከፈቱ በፊት በተረከዝ፣ በዳሌና በጭራ አጥንት አካባቢ ቆዳው ይቀላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከአካባቢው ጠቆር ወይም ሞቅ ይላል። አስታማሚው ቦታውን በጣቱ ይጫናል። ጣቱን ሲያነሣ ቀለሙ ለአፍታ ፈዝዞ ካልተመለሰ፣ ደም መድረሱን እየተወ ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ሰውየውን በየጊዜው ማገላበጥ፣ ተረከዙን በትራስ ማንሣትና ማድረቅ ነገሩን ያስቆመዋል። ካልታየ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ ሥጋው ይከፈታል፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ አጥንት ይታያል። ክብደትም እንዲሁ ነው። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በስድስት ወር 10 በመቶ መቀነስ የማስጠንቀቂያ ልክ ሆኖ ይሠራበታል። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ በወር ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፤ በነጠላና በጋቢ ተሸፍኖ ለዓይን የማይታይ፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን የሚገለጥ። መቆም ለማይችሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን የሚለኩበት ዓይነት የክንድ መለኪያ ለውጡን ያሳያል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ሚዛን፣ የመለኪያ ጥብጣብ፣ ደብተርና በየሳምንቱ ቆዳን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው።

የአእምሮን ሁኔታ የሚመዝነው ክፍል ከእኛ ሀገር ጋር መስማማት አለበት። በአሜሪካው ቅጽ ነዋሪው «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይነገሩትና ደግሞ እንዲላቸው፣ ቆይቶም እንዲያስታውሳቸው ይጠየቃል፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩንና ዕለቱን እንዲናገርም ይደረጋል። ፊደል ያልቆጠሩ የጣና ዳር አረጋዊ ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር ቢስቱ አእምሯቸው ደክሟል ማለት አይደለም። «ዛሬ ምን ዕለት ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል ነው፣ ወሩም ኅዳር» ካሉ ቀኑን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቁታል። ሙስሊም ለሆኑት ደግሞ ከሶላት ሰዓትና ከረመዳን አንጻር መጠየቅ ይቻላል። ክብደትም የሚነበበው ከሕይወታቸው ጋር ነው። 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም ወቅት አጥብቀው የሚጾሙ እናቶች ሊከሱ ይችላሉ፤ መዝገቡ ይህን ሲያሳይ ቤቱን ለመኮነን ሳይሆን «ምን ይሁን?» ብሎ ከእናቲቱም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ለመመካከር ነው። በሌላ ወር የሚታይ ተመሳሳይ መክሳት ግን የጥርስ ሕመም፣ ሐዘን፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ጉርሻ የሚሰጥ እጅ ማጣት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ፍርድ አይሰጥም። የት ሄዶ መጠየቅ እንዳለብን ይጠቁማል።

አሠራሩ ውጤት ማምጣቱን የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ የማሰር ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መጦሪያዎች ከነዋሪዎቹ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው በአልጋ ወይም በወንበር ላይ በቀበቶና በጨርቅ ይታሰር ነበር። ይህ ሁሉ እንዳይወድቁ ተብሎ ነው፤ አሳሪዎቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የታሰረ ሰው ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ መንፈሱ ይሰበራል። ሕጉ ማሰርን ሲገድብ፣ ምዘናው ደግሞ በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚታሰር በግልጽ ሲያወጣ ቁጥሩ እየወረደ መጣ፤ ዛሬ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ልማድ ሆኖ ማንም የማያስተውለው ነገር ሲቆጠር ተገለጠ፤ ከተገለጠም በኋላ ሊቀር ቻለ። እኛም ዘንድ «ለደኅንነታቸው» ተብሎ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ፤ በር መቆለፍ፣ እጅ ማሰር፣ የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት። ብዙ የአእምሮ ሕሙማንና አረጋውያን በአንድ ግቢ በሚኖሩበት፣ አስታማሚው ጥቂት በሆነበት ቦታ ፈተናው ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ይህን የምናቀለው ግን በየወሩ ስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ በማን ውሳኔ እንደታሰረ ወይም እንደተደነዘዘ ስንጽፍ ነው።

ነገር ግን የዚያችው ሀገር ታሪክ ብርቱ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ለእንክብካቤ የተሠራው ቅጽ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክፍያ መጠን መወሰኛ ሆነ፤ በ2002 ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ መደረግ ጀመረ፤ በ2008 መጨረሻ ለቤቶቹ የኮከብ ደረጃ ተሰጣቸው። ቅጹን የሚሞላው ግን ያው መጦሪያው ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት በሆስፒታል የክፍያ መዝገብ የተረጋገጡ ከባድ ጉዳት ያደረሱ ውድቀቶችን ከመጦሪያዎቹ ቅጽ ጋር ሲያስተያዩ፣ በቅጹ ላይ የተመዘገቡት 57.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2021 ደግሞ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሌላ ጉድ አወጣ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ነዋሪዎች ቁጥር ከ15 በመቶ በታች ነው ሲባል፣ ስኪዞፍሬንያ አለባቸው የተባሉት ከስሌቱ ውጭ ስለሚደረጉ፣ እነሱ ሲደመሩ ቁጥሩ ቢያንስ 21 በመቶ ሆነ። በሕዝቡ መካከል ከ150 ሰው አንዱን የሚይዘው ይህ ሕመም በመጦሪያዎች ከ9 ነዋሪ በአንዱ ላይ ተጽፏል። መለኪያው ቤቱን የሚያስቀጣና የሚያሸልም ሲሆን፣ ብዕሩም በተለካው ቤት እጅ ሲቀር፣ የተሻሻለው ወረቀቱ ሆነ። አረጋዊው በነበረበት ቀረ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአምስት በሽታዎችን ጥምር ክትባት ሦስተኛ ዙር የወሰዱ ሕፃናት 53 በመቶ ሆነው ሲገኙ፣ ከጤና ተቋማት ተደምሮ የመጣው ሪፖርት በዚያው ዘመን ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የአንድ ሠራተኛ ውሸት አልነበረም። ዕቅድ ከላይ ይወርዳል፣ አፈጻጸም ከታች ይጠየቃል፣ ቁጥሩን የሚሞላው ሰው በቁጥሩ ይገመገማል፤ ውጤቱ ይህ ነው። ስለዚህ «የእኛ መጦሪያዎችም ውሸት ይሞላሉ» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እኔ ከዚህ የማወጣው ትምህርት ግን ምዘናውን እንተወው የሚል አይደለም፤ ሦስት ነገሮችን ከመጀመሪያው እናስተካክል የሚል ነው። አንደኛ፣ መዝገቡ በአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚቀጥለው ተረኛ አስታማሚ የሚያነበውና የሚሠራበት ይሁን፤ ሐሰት ከተጻፈበት በማግሥቱ የሚያስቸግረው ራሱን ሠራተኛውን ነው። ሁለተኛ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእርዳታ ገንዘብም ቅጣትም በቁጥሩ ላይ አይንጠልጠል። ሦስተኛ፣ ከቤቱ ውጭ ያለ ዓይን በዓመት ጥቂት ነዋሪዎችን በዕጣ መርጦ እንደገና ይመዝን፤ ወደ ሆስፒታል የተላኩትንም ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር ያስተያይ። ለምሳሌ በባሕር ዳር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን ለዚህ የሚሆን እውቀት አላቸው፤ ጥበበ ጊዮንና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎችም እዚያው ናቸው።

«ዳቦ ባልጠገበ ቤት ቅጽ መሙላት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። በእርግጥ አንዲት አስታማሚ ብዙ ሰው በምታጥብበት፣ በምታለብስበትና በምታጎርስበት ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ያሉትን የአሜሪካ ቅጽ አምጥቶ መጫን ግፍ ነው። ግን ማንም ያን እንድናደርግ አይጠይቀንም። በአንድ ገጽ የሚያልቁ ስምንት ነገሮች ይበቃሉ፦ ቆዳ፣ ክብደት፣ መውደቅ፣ በመብላት፣ በመልበስና ወደ መጸዳጃ በመሄድ የሚያስፈልግ እገዛ፣ መታሰርና የሚያደነዝዝ መድኃኒት፣ ሕመም፣ የአእምሮና የስሜት ሁኔታ፣ በመጨረሻም የአረጋዊው የራሱ ቃል። ይህን በወር አንድ ጊዜ መሙላት ለአንድ ሰው ብዙ ደቂቃ አይወስድም። ከዚህም በላይ ገንዘብ ባነሰ ቁጥር ምዘናው ይበልጥ ያስፈልጋል። የተከፈተ የአልጋ ቁስል ለወራት ፋሻ፣ መድኃኒትና የሰው ጉልበት ይበላል፤ የተሰበረ ዳሌ አንድን በእግሩ የሚሄድ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የአልጋ ቁራኛ ያደርገዋል። ቀድሞ ማየት የድሃ ቤት ቁጠባ ነው። ሥራውን ለማስተማርም ሩቅ መሄድ የለብንም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ቦታዎች በመጦሪያ ቤቶች በአስታማሚነትና በነርስነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን በየፈረቃቸው ይህንኑ ይመዘግባሉ፤ ማን ምን ያህል እንደበላ፣ ማንን ስንት ሰው እንዳነሣው፣ የማን ቆዳ እንደቀላ። ለወገን ከሚልኩት ገንዘብ ጋር ይህን እውቀታቸውንም ብንጠይቃቸው በደስታ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። ማንም ያልፈለገውን፣ ቆስሎና ከስቶ ጎዳና ላይ የተገኘውን የሚያነሣ ቤት፣ ከፍለው ከሚገቡ ጤነኛ አረጋውያን ቤት ጋር ቢወዳደር ቁጥሩ የከፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውድድር ደጉን ሰው ይቀጣል፤ ይባስ ብሎ ቤቶች ደካማውን ከበር እንዲመልሱ ይገፋፋል። መልሱ ያለው በምዘናው በራሱ ውስጥ ነው። ሰውየው በገባበት ቀን ከተመዘነ፣ ይዞት የመጣው ቁስል በቤቱ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እንዲያውም በሦስት ወር የዳነ ቁስል፣ የተመለሰ አምስት ኪሎ፣ ተሸክመው ያመጧቸውና በምርኩዝ መሄድ የጀመሩ አዛውንት እንዲህ ላለው ቤት ትልቁ ምስክር ይሆኑለታል፤ ዛሬ ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ማስረጃ ይቀራል። የቁጥር ማነስም መታሰብ አለበት። 40 ሰው በሚኖርበት ቤት የአንድ ሰው መውደቅ መቶኛውን በሁለት ተኩል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ዕድል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትናንሽ ቤቶች መነጻጸር ያለባቸው ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ያለፈ ዓመት ጋር ነው። በሀገር ደረጃ ቤቶችን በደረጃ መደርደር፣ ለብዙ ዓመታት፣ አስፈላጊም ጠቃሚም አይደለም።

«ፍቅር በቁጥር አይለካም» የሚለውም እውነትነት አለው። ቆዳው ያልቆሰለ፣ ክብደቱ ያልቀነሰ ሰው በብቸኝነት ሊጎዳ ይችላል። አሜሪካኖቹም ይህን ዘግይተው ተረድተው በ2010 እ.ኤ.አ. ቅጹን ሲያሻሽሉ ስሜትን፣ ሕመምንና ምርጫን የሚመለከቱት ጥያቄዎች በቀጥታ ለነዋሪው እንዲቀርቡ አደረጉ። ለእኛም ስምንተኛው መስመር፣ የአረጋዊው ቃል፣ ከሁሉ የከበረ ነው። ምን ያስደስትዎታል? ማንን ማየት ይፈልጋሉ? የሚያስፈራዎት ነገር አለ? ቅዳሴ መስማት፣ ቡና ላይ መቀመጥ፣ የሀገርዎን ሰው ማግኘት ይፈልጋሉ? ብሎ መጠየቅና የተባለውን በቃላቸው መጻፍ ነው። ብዙ አረጋውያን ግን በተጠለሉበት ቤት ላይ ቅሬታ ማሰማት ምስጋና ቢስነት ይመስላቸዋል፤ «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ አልፎ አልፎ ከቤቱ ውጭ የመጣ፣ የሚያከብሩት ሰው ቢጠይቃቸው ይበጃል። የሰው ምስጢርም መጠበቅ አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። ለሕዝብ የሚወጣው ድምር ቁጥር ብቻ ነው። የአረጋዊው ፊትና ቁስል ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የሚታይበት ልማድም በዚሁ ሚዛን መታየት ይኖርበታል፤ ከቁስሉ ፎቶ ይልቅ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ቁስል ዳነ» የሚል ቃል ለሰጪውም ለተቀባዩም ክብር ነው።

ይህ ሁሉ ተቋም ውስጥ ላሉት ነው፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ግን እንደ ደልጊዎቹ በቤታቸው ናቸው። ለእነሱም መንገዱ ዝግ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ባለሙያዎችን አሰማርቷል፤ የየቤቱ ሰው ጤና የሚመዘገብበት የቤተሰብ ማኅደርም በጤና ኬላው አለ። ማኅደሩ በዋናነት ያተኮረው በእናቶችና በሕፃናት ላይ ነው፤ ይህም ብዙ ሕይወት ያዳነ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። አሁን በዚያው ማኅደር ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች አንድ ገጽ ቢጨመርላቸው፣ በቤት ለቤት ጉብኝት ወቅት «እማማ ባለፈው ወር ወድቀው ነበር?» ብሎ መጠየቅና ክንዳቸውን መለካት አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። እኚሁ እናት አንድ ቀን ጧሪ አጥተው ወደ መጦሪያ መሄድ ቢኖርባቸው፣ ገጹ አብሯቸው ይሄዳል። የተቀበላቸው ቤት ከማን ጋር እንደሚኖር ያውቃል፤ የላካቸውም መንደር ምን ሆነው እንደሄዱ ማስረጃ አለው።

የሚመለከታችሁ ሁሉ ይህን እንድታስቡበት እጠይቃለሁ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና የአማራ ክልል አቻ ቢሮው፣ ለመጦሪያዎች የምታወጡት ዝቅተኛ ደረጃ ስለ ክፍል ስፋትና ስለ አልጋ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ነዋሪው ወርኃዊ ምዘና አንድ አንቀጽ ይኑረው። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአረጋውያን መብት ክትትል የምታካሂዱ ባለሙያዎች፣ ወደ ማዕከል ስትገቡ ከሕንጻው አስቀድማችሁ የነዋሪውን መዝገብ ጠይቁ። መጦሪያዎች፣ ማንንም ሳትጠብቁ በሚዛንና በደብተር ጀምሩ፤ መልካም ሥራችሁን የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። እናንተም ከደመወዛችሁና ከስደት ላባችሁ የምትለግሱ ወገኖች፣ «ስንት ሰው አነሣችሁ?» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ያነሣችኋቸው ዛሬ እንዴት ናቸው?» ይህን ጥያቄ በስም፣ በቀንና በልክ መመለስ የሚችል ቤት ጥሩ ቤት ነው። መመለስ የማይችለው፣ ሕንጻው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አረጋውያኑን ገና አላወቃቸውም።